በሰው ልብ ገብቶ ያወራው ጎሚስታ

ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ሰው ሞልቷል። ዋጋቸው ያው ነው፣ ሥራቸውም ያው ነው፣ የኮምፕሬሰራቸው ጩኸት እንኳ አይለይም። ታዲያ ሹፌሮቹ የቀረባቸውን ጎሚስታ ሁሉ አልፈው፣ በተነፈሰ ጎማ እየተንገጫገጩ ጫምሳ ጋ ድረስ የሚሄዱት ለምን ይመስላችኋል? ታሪክ ፍለጋ ነው።

ጫምሳ ጎማ መፍታት ሲጀምር ታሪክም ይጀምራል። ቀዳዳውን ፈልጎ እስኪያገኝ የታሪኩን ሰዎች አንድ በአንድ ያስተዋውቃል፤ ይሄኛው ባለጌ ነው፣ ያቺ ብልህ ናት፣ ያ ደግሞ ጠባዩ ገና አልለየለትም። ቀዳዳውን ሲለጥፍ ነገሩ ይወሳሰባል። ቸርኬው ቦታው ገብቶ ቡሎኑ መጥበቅ ሲጀምር ሹፌሩ ከመኪናው ይልቅ ለታሪኩ ይሰጋል፤ ጫምሳ መጨረሻዋን የሚናገረው የመጨረሻዋን ቡሎን ካጠበቀ በኋላ ነዋ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር፣ "ይሄ ሰውዬ አንድ ቀን በታሪኩ ተመስጦ ቡሎኔን ይረሳና ታሪኩንም እኔንም አንድ ላይ ይጨርሰናል" ብሎ አውርቶበታል። ይህን ያለው ሹፌር ግን በሳምንቱ ያልተነፈሰ ጎማ ይዞ መጥቶ፣ "እስቲ አየሩን እይልኝ" አለና ተቀመጠ።

ጫምሳ ማውራትን ትምህርት ቤት አልተማረውም። ልጅ ሳለ ከወለንጪቲ መጥቶ በጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ረዳት ሆነ። የረዳት ዋና ሥራ ጎማ መቀየር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ዋናው ሥራ ሹፌሩ እንዳይተኛ ማድረግ ነው። አዋሽን አልፈው ሜዳው ዝርግ ሲል፣ ሙቀቱ ሲያደነዝዝ፣ የሹፌሩ አገጭ ወደ ደረቱ ዘንበል ዘንበል ሲል ጫምሳ ማውራት አለበት። መጀመሪያ ያየውን አወራ። እሱ ሲያልቅበት የሰማውን አወራ። የሰማውም ሲያልቅ ከራሱ እየፈጠረ ቀጠለ። በሰው ልብ ውስጥ ዘው ብሎ መግባት የለመደው ያኔ ነው። "ገበሬው ምንም አላለም፤ በልቡ ግን ምን አለ መሰለህ…" ሲል ሹፌሩ ቀና ይላል። የሌላ ሰው ልብ ሲከፈት እየሰማ የሚተኛ ሰው የለም። በዚህ ዘዴ ስንት መኪና ከገደል እንዳዳነ እሱ ራሱ አይቆጥረውም።

ረዳትነቱን ትቶ፣ ጎሚስታ ከፍቶ፣ አግብቶ ወልዶ፣ ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ቢልበትም ይህቺ ልማዱ አልለቀቀችውም። ሚስቱ ዱሬቲ፣ "አንተ እኮ ፈጣሪ የሚያውቀውን ሁሉ ታውቃለህ፤ ልዩነታችሁ ፈጣሪ አለማውራቱ ነው" ትለዋለች። እሱም ይስቃል። ደስ የሚል ሰው ነው፣ ስድብ እንኳ ታሪክ ከሆነ ይጥመዋል።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ምላስ ያለውን ሰው ሽማግሌ አድርጎ የማይልክ ማን አለ? የጎረቤቱ ልጅ ቢኒያም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ጭምት ልጅ። ሌንሳ የምትባል፣ አዳማ ውስጥ ፋርማሲ የምትሠራ የመቂ ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። ሽማግሌ መላክ ሲኖርባቸው እናቱ ቀጥ ብላ ጫምሳ ጋ መጣች። አብረውት እንዲሄዱ ጡረታ የወጣው የባቡር ሠራተኛ ጋሽ አስፋውና የቢኒያም አጎት ኪሩ ተመረጡ። ኪሩ ከሰላምታ በቀር የማይናገር ሰው ስለሆነ ለሽምግልና በጣም ይፈለጋል።

ጫምሳ ቢኒያምን አስቀምጦ፣ "እስቲ ከየት እንዳገኘሃት ንገረኝ፣ ይጠይቁናል" አለው።

"ላንጋኖ ነው የተዋወቅነው ጋሼ። ለፋሲካ ማግስት።"

"እና?"

"እና… ከዚያ ተዋወቅን።"

ከቢኒያም የወጣው ይኸው ነው። የቀረውን ጫምሳ ራሱ ሞላው።

መቂ ሲደርሱ የሌንሳ አባት ኦቦ ባጫ በር ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ልጅ አልላከም፣ ራሱ ነው የቆመው። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቷል፤ በዚያ ሙቀት ኮት ለብሶ ቁልፉን ሁሉ ቆልፏል። ሁለት ጎረቤቶቹ ከጎኑ ተቀምጠዋል። "አካም ጂርቱ፣ ነጋ፣ ነጋ" ብለው በኦሮምኛ ሰላም ተባብለው ሻይ ቀርቦ፣ ስለ ዝናቡና ስለ ባጫ የሽንኩርት ማሳ ከተወራ በኋላ ጋሽ አስፋው ጉዳዩን በወጉ አቀረበ። ባጫም በወጉ ጠየቀ፤ "ልጁ ማነው? ልጄንስ ከየት ያውቃታል?"

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራ አለው፣ አዳማ ተያዩ፤ አለቀ። ጫምሳ ግን ጉሮሮውን ጠረገ።

"ኦቦ ባጫ፣ ነገሩ እንዲህ ነው" አለ። "ላንጋኖ ነው። ነፋሱ የሐይቁን ውሃ እንደ ሻይ ያማታዋል። ሌንሳ ዳር ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋ ይውለበለባል። ልጁ በሩቁ አያት። እሷም አየችው። ምንም አላለችም፤ በልቧ ግን ምን አለች መሰላችሁ? 'ምነው ይሄ ልጅ ቀረብ ብሎ ባናገረኝ' አለች…"

አንደኛው ጎረቤት ሳል አለ። ባጫ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"መቼ ነው ይሄ?"

"ለፋሲካ ማግስት ነዋ!"

"ለፋሲካ ማግስት ልጄ ኩየራ፣ አክስቷ ጋ ነበረች።"

እዚህ ላይ የሚቆም ሰው ይድናል። ጫምሳ ግን በቁልቁለት የተለቀቀ መኪና ሆኖ፣ "እሱማ አክስቷ ጋ ነኝ ብላ ነው እንጂ…" ሲል ጋሽ አስፋው እግሩን ረገጠው። ቃሉ ግን ወጥቶ አልቋል። ጎረቤቶቹ አንዱ ጣሪያ ጣሪያ፣ አንዱ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ባጫ ድምፁን አልቀየረም። "አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ ኦቦ ጫምሳ። ልጄ በልቧ ያለችውን ለእርስዎ ማን ነገረዎት?"

ጫምሳ የሻይ ብርጭቆውን አነሳ፤ ቀዝቅዞ ነበር። 

"እናስብበታለን" አለ ባጫ። "እንልክባችኋለን።"

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሞጆን አለፈ። ከዚያ ጋሽ አስፋው፣ "ላንጋኖን ከየት አመጣኸው?" አለው።

"ቢኒያም ነገረኝ።"

"ልቧንስ?"

"እሱን… እዚያ ቦታ ላይ የሚስማማ መስሎኝ ነው።"

"የሚስማማ" አለ ጋሽ አስፋው ወደ መስኮቱ እየዞረ። "ጎማ መሰለህ፣ ልክ የሆነውን የምትገጥመው።"

ኪሩ ከኋላ ወንበር ሆኖ ሳቀ። ከዚያ በፊት ሲስቅ ሰምቶት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጫምሳን ይበልጥ ያስደነገጠው ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌንሳ ከባጃጅ ወርዳ ወደ ጎሚስታው መጣች። ጫምሳ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ "ሌንሳ፣ አይዞሽ…" ሲል፣

"አይዞሽ አይበሉኝ ጋሼ" አለችው። "ላንጋኖ ነበሩ እንዴ?"

"አልነበርኩም።"

"እኔስ ያሰብኩትን ነግሬዎት አውቃለሁ?"

"አልነገርሽኝም።"

"ታዲያ ከየት አገኙት?"

ጫምሳን ግን አላስችል አለው። "ቆይ ግን፣ እንደዚያ አላሰብሽም እንዴ?"

ሌንሳ ሳቋ መጣና ዋጥ አደረገችው። "ያሰብኩትንማ ለእርስዎ አልነግርዎትም" አለች። ከዚያ የኮምፕሬሰሩ ጎን ያለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። "አክስቴ ጋ ነኝ ያልኩት ውሸት አይደለም። አክስቴ ጋ ነበርኩ። ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ ቀን ሐይቁ ጋ ሄድኩ፤ እሱን ነው ያልነገርኩት። አባቴ ደግሞ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት ይነሳል፣ ፓምፑን ያስነሳል፣ ሽንኩርቱን ያጠጣል፣ ማታ ገብቶ ራቱን ይበላል። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላወጣም።"

"ግዴለሽም፣ አሁን ጋሽ አስፋው ነው የሚናገረው። እኔ ከነጭራሹ አልሄድም።"

"እኔም እንደዚያ ነበር የፈለግኩት። አባቴ ግን መልእክት ሰጥቶኛል።" ቃል በቃል ነገረችው፤ "'ያ የሚያወራው ሰውዬ ይምጣ። ሌላ ሰው ከመጣ በሬን አልከፍትም' ብሏል።"

ሌንሳ ስትሄድ ጫምሳ አንድ ጎማ አንስቶ መለጠፍ ጀመረ። ሹፌሩ ታሪክ ቢጠብቅ ታሪክ የለም። "አሞሃል እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ የሁለት ልጆች ትዳር በአንድ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ምላሱ ደግሞ የሱ ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሽ ዱሬቲ ተከታታይ ድራማዋን እያየች ጫምሳ ከጎኗ ሆኖ ንግግር ተለማመደ። በመጀመሪያ ከቢኒያም በኩል ሆኖ ተናገረ። ልጁ እንዴት እንደሚወዳት፣ እንዴት እንቅልፍ እንዳጣ።

"እሱን ሰውየው ምን ያድርገው? እንቅልፍ ካጣ መድኃኒት ይግዛ" አለች ዱሬቲ ዓይኗን ከድራማው ሳትነቅል።

ከሌንሳ በኩል ሆኖ ጀመረ። "ልጅቷ በልቧ…"

"ጫምሳ፣ ከዚያች ልጅ ልብ ውስጥ ውጣ። በአንድ መግባትህ የሆነውን አይተሃል።"

"እና ከማን በኩል ሆኜ ልናገር?"

ዱሬቲ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ቀነሰች። "ይሄን ሰውዬ አየኸው?" አለች ወደ ድራማው እየጠቆመች። "ሴት ልጁ የደበቀችውን አያውቅም። እኔ አውቃለሁ። በየቀኑ ቁጭ ብዬ የማየው ለዚህ ነው፣ እኔ አውቄ እሱ ስለማያውቅ። አሁን እኔ ተነስቼ ሄጄ፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ በእንግዶቹ ፊት የማውቀውን ብነግረውስ?"

 ጫምሳ የተቆለፈው የባጫ ኮት ትዝ አለው። የተረጨው ግቢ፣ በር ላይ የቆመው ሰው፣ ከጎኑ የተቀመጡት ጎረቤቶች። ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶት ነበር፤ ግን ታሪኩን ሲያወራ አንዱንም አላስገባውም። ለካ ታሪኩ የተጀመረው ባጫ በር ላይ እንጂ ላንጋኖ ላይ አልነበረም።

"አሁን ገባህ?" አለች ዱሬቲ።

"ገባኝ።"

"እንግዲያው ድምፁን ልጨምር።"

ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ እንደ ወጉ የይቅርታ እርጥብ ሣር ይዘው ሄዱ። ባጫ አሁን ኮት አልለበሰም፤ ከማሳው እንደተመለሰ ጭቃ የነካው ቦቲ እንዳጠለቀ ነው። እነዚያው ጎረቤቶች ግን ተጠርተው ተቀምጠዋል። ጋሽ አስፋው ይቅርታውን በአጭሩ ተናግሮ ሲጨርስ ባጫ እጁን አንስቶ ወደ ጫምሳ ጠቆመ። "እሳቸው ይናገሩ።"

ጫምሳ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"አንድ ሰው ነበር" አለ። "ይህን ሰው አላውቀውም። በልቡ ያለውን አልናገርም፣ ምክንያቱም አልገባሁበትም። ያየሁትን ብቻ ልናገር። ሰውየው እንግዳ እንደሚመጣበት ሰምቶ ግቢውን አስጠረገ፣ ውሃ አስረጨ። ሙቀት ነበር፤ ኮት ለበሰ። የሚያከብራቸውን ጎረቤቶቹን ጠርቶ ከጎኑ አስቀመጠ። ልጅ መላክ ሲችል ራሱ በር ላይ ቆመ። እንግዳው መጣ። ሰውየው ሻይ አቀረበለት። እንግዳውም የሰውየውን ሻይ እየጠጣ፣ በሰውየው ቤት፣ በጎረቤቶቹ ፊት፣ 'ልጅህን ካንተ በላይ አውቃታለሁ' አለው።"



"ሰውየው ብርጭቆውን አስቀመጠ" አለ ጫምሳ። "ከዚያ ወዲያ ምን እንዳሰበ እንግዳው አያውቅም። ስለዚህ የኔ ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል።"

ጋሽ አስፋው ዞሮ አየው፤ ጫምሳ አንድን ታሪክ ሳይጨርስ ሲተው አይቶ አያውቅማ።  መጨረሻዋ የጫምሳ ምላስ ጫፍ ላይ ነበረች፤ ሰውየው ይቅር አለ፣ ሠርግ ሆነ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። ማለት ይችል ነበር። ዋጠው።

ባጫ ከቦቲው ላይ ጭቃውን በጣቱ ፋቅ ፋቅ አደረገ።  ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እሱም ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሆኖ ጀመረ።

"ሰውየው" አለ፣ "ላንጋኖን ያውቅ ነበር።"

አንደኛው ጎረቤት ቀና አለ።

"እኅቱ ከኩየራ ያኔውኑ ደውላ ነግራዋለች። ልጁንም ያውቀው ነበር። አንድ ቀን አዳማ ወርዶ፣ ልጁ መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ ሲያስር ከመንገድ ማዶ ቆሞ ሲያየው ነበር። ለማንም አልተናገረም። ምን ይጠብቅ እንደነበር ታውቃላችሁ?"

ባጫ ወደ ጫምሳ ዞረ። 

"ሴት ልጁ ራሷ እንድትነግረው ነበር የሚጠብቀው። ዛሬ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች ሲል፣ ቅዳሜ ከአዳማ በመጣች ቁጥር ከማሳው ቶሎ ሲገባ ከረመ። ልትነግረው ምንም አልቀራትም ነበር፤ አባት ያውቃል። እንግዳው መጥቶ ቀደማት።"

"ኡፍፍ" አለ ጋሽ አስፋው።

"ሰውየው የተቆጣው ለዚህ ነው። ላንጋኖ ምን አለበት? ውሃ ነው።" ባጫ ወደ ጓዳው በር ዞረ። "ሌንሳ፣ ነይ።"

ወጉ ይህ አይደለም። ሽማግሌ ተቀምጦ ልጅ አትጠራም። ጎረቤቶቹ ግን ምንም አላሉም። ሌንሳ መጥታ ከአባቷ ጎን ቆመች።

"ተቀመጪ" አላት። "እኚህ ሰውዬ ያንቺን ታሪክ ጀምረውብሽ ነበር። አልጥም አለኝ። አንቺ ንገሪኝ።"

ሌንሳ አባቷን አየች፣ ጫምሳን አየች፣ እንደገና አባቷን አየች።

"ጫማ ነው አባዬ" አለች። "የጫማዬ ማሰሪያ ተበጥሶ ነበር። ጫማው ደግሞ የኔ አልነበረም፣ የአክስቴ ነበር።"

"ስለዚያ ጫማ ሁለት ጊዜ ደውላልኛለች" አለ ባጫ። "ቀጥዪ።"

"ጓደኞቼ ውሃው ውስጥ ናቸው። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ 'አሁን ለአክስቴ ምን እላታለሁ' እያልኩ ነው። ነፋስ አልነበረም። ነጠላም አልለበስኩም።" ጫምሳን በጎን አየችው፤ ጫምሳ አንገቱን ደፋ። "አንድ ልጅ መጣና 'እስቲ ልየው' አለ። ከኪሱ ሽቦ አወጣ። ሽርሽር መጥቶ በኪሱ ሽቦ ይዟል! ጫማውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ፣ ረጅም ሰዓት ቁጭ ብሎ አሰረው።"

"ያኔ ምን አሰብሽ?" አላት ባጫ።

ጫምሳ ሳያውቀው ወደፊት ዘመም አለ። ጋሽ አስፋውም ዘመም አለ። ጎረቤቶቹ ዘመም አሉ። ኪሩ እንኳ አገጩን ከምርኩዙ ላይ አነሳ።

ሌንሳ ሁሉንም አየቻቸውና እጇን በአፏ ላይ ጋርዳ ወደ አባቷ ጆሮ ተጠጋች። ጥቂት ቃል ሹክ አለችው። ባጫ ለትንሽ ጊዜ ፊቱ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እንባው እስኪወጣ ድረስ ሳቀ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና የልጁን እጅ ያዘ።

"ሰውየው ሰምቷል" አለ። "ልጁን ሰጥቷል። ሻይ ይምጣ።"

ጎረቤቶቹ መረቁ። የሠርጉ ቀን ይነሳ ጀመር፤ ከሽንኩርቱ ምርት በፊት ይሁን ከምርቱ በኋላ የሚል ክርክር ተነሳ። ኪሩ ሳይታሰብ "ከሽንኩርቱ በኋላ" ብሎ ነገሩን ቆረጠው። በመሃል ጋሽ አስፋው ወደ ጫምሳ ተጠጋና በሹክሹክታ፣

"ምን ብላው ነው?" አለው።

"እኔ በምን አውቄ!"

"ገምት እንጂ። አንተ አይደለህ እንዴ የሰው ልብ የምትገባው?"

ጫምሳ ሻዩን አነሳ፤ ገና ትኩስ ነው። ማዶ አባትና ልጅ አሁንም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ በራሳቸው ነገር ይስቃሉ። ማወቅ ክፉኛ አምሮት ነበር፤ ሊገምትም ይችል ነበር፣ ሦስት አራት ጥሩ ጥሩ ግምት መጥቶለታል።

"ተዋቸው" አለ። "የነሱ ነው።"